ፈረሱም ሜዳውም እንጅባራ፣ ስሙ ግን አዲስ አበባ

አዲስ አበባ ላይ «ፈረሰኞቹ» ሲባል ትርጉሙ አንድ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ። እንጅባራ ላይ ግን ቃሉ ጠንቀቅ ተብሎ ነው የሚነገረው። አንድ እንግዳ ሻይ ቤት ገብቶ «ፈረሰኞቹ ትናንት ወደቁ እኮ!» ቢል «ውይ! ፈረሶቹስ ተረፉ?» የሚለው ሰው አይጠፋም።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ከባድ የባለቤትነት ጥያቄ አለበት። አዊ የፈረስ አገር ነው። «ሰባት ቤት አገው» በሚባለው በዚህ ምድር ፈረስ ያርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቀስተኛ ያደርሳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። የእግር ኳስ ክለብ ቢሆን ኖሮ የደጋፊ ማኅበሩ ብቻ ስታዲየም ይሞላ ነበር። ዓመታዊ በዓሉ ጥር 23 ነው። የዚያን ዕለት ፈረሱ በጌጥ ተንቆጥቁጦ ይወጣል፤ ግልቢያ አለ፣ ሽርጥ አለ፣ ሶምሶማ አለ። ማኅበሩ በዚህ ብቻ አያበቃም፤ አባሉ ሲያገባ ያጅባል፣ ሲሞት ይቀብራል፣ የተጣላ ያስታርቃል። (የአርሴናልና የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችን ማስታረቅ ግን እስካሁን ከአቅሙ በላይ ይመስላል።)

ቅዱስ ጊዮርጊስ በአንፃሩ በ1928 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ስንትና ስንት ተጫዋች አስፈርሟል፤ ፈረስ ግን አንድም አላስፈረመም። ታዲያ ስሙ የማን ነው?

የሳንጆርጅ ደጋፊ መልሱን በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። «እኛ 1928፣ እናንተ 1932፤ በአራት ዓመት እንቀድማለን» ይላል። ይህ እንጅባራ ላይ አይሠራም። ማኅበሩ የተቋቋመው ፈረሶች በአድዋ ለዋሉት ውለታ መታሰቢያ ጭምር ነው ስለሚባል፣ የአገሬው ሰው ክርክሩን በአንዴ ወደ 1888 ይጎትተዋል። አድዋ ደግሞ የካቲት 23 ነው፤ የጊዮርጊስ ዕለት። የፈረሰኞቹ በዓል ጥር 23ም የጊዮርጊስ ዕለት። ቅዱሱም ሲሳል ነጭ ፈረስ ላይ እንጂ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አይደለም። እንግዲህ ጉዳዩ ለቪኤአር ቢቀርብም የሚፈታ አይመስልም።

ያም ሆኖ ሰሞኑን ስሙን የያዘው ክለብ ስሙን አስከብሯል ወይ ቢባል፣ የፈረስ አገር ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። በ2014 እና በ2015 ሳንጆርጅ ተከታትሎ ዋንጫ ሲያነሳ ማንም ቅሬታ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ጉድ ነው። በ2016 ዋንጫውን የወሰደው ንግድ ባንክ ነው። በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድን! ፈረሰኛ በፈረሰኛ ቢቀደም ወግ ነው፤ አንድ ዓመት በባንክ፣ በቀጣዩ ዓመት በኢንሹራንስ መቀደም ግን እንጅባራ ላይ ለልጅ የሚነገር ታሪክ አይደለም። መድኑ መጀመሪያ ፈረሱን ኢንሹር አድርጎት ቢሆን ኖሮ እንኳ አንድ ነገር ነበር።

የእንጅባራና የዳንግላ ደጋፊ ግን ዓይኑን የሚያሳርፈው አገር ውስጥ ብቻ አይደለም። ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ይገባል። የእንጅባራ ብርድ በጋቢ ተሸፍኖ የሚታይ ጨዋታ የሚያስመርጥ ነው፤ ጎል ሲገባ ጋቢው አብሮ ይነሳል። እዚያ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ፈረስ ሲመርጥ ያደገ ነውና የእንግሊዝ ክለቦችን የሚዳኝበት ዓይን ከለንደን ጋዜጠኞች ዓይን የተለየ መሆን አለበት።

አርሴናልን እንውሰድ። መድፈኞቹ ሶምሶማ ናቸው። አረማመዳቸው ያምራል፣ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ ተመልካች ያጨበጭባል። እ.ኤ.አ. በ2022/23 የውድድር ዘመን ለ248 ቀናት መሪ ሆነው ዋንጫውን ማንችስተር ሲቲ ወሰደው። በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ፣ በ2024/25ም ሁለተኛ። ሦስት ዓመት በተከታታይ! «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የተባለው ለእነዚህ ልጆች ይመስላል፤ ደጃፉ ድረስ ያደርሳሉ፣ መግባቱን ግን ለሌላ ይተዋሉ። የአርሴናል ደጋፊ በዚህ ሲነካ ወዲያው 49 ጨዋታ ያለሽንፈት ወደሄዱበት ዘመን ይሸሻል። ያ ጉዞ የተቋረጠው በጥቅምት 2004 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የተወለደ ውርንጭላ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ሣር ላይ ነው።

ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ሲመጣ የፈረስ ነጋዴው ራሱ ሳይቀር ይበሳጫል። በዚህ አገር ፈረስ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ቀጥሎ ሰኮናውን ያነሳል። ያስሮጠዋል፣ ያቆመዋል፣ ጎረቤቱን ያስጠይቃል። ዋጋ ሰምቶ ትቶ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2022 አንቶኒን ከአያክስ ሲያመጣ ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከፈለ፤ ጥርሱን ያየ ሰው ግን አልነበረም። ልጁ ኦልድትራፎርድ ላይ ሲሽከረከር ከርሞ በጥር 2025 በውሰት ወደ ስፔኑ ቤቲስ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ግን መጋለብ ጀመረ፣ ክለቡም የኮንፈረንስ ሊግ ፍጻሜ ደረሰ! ታዲያ ጥፋቱ የፈረሱ ነው ወይስ የጋላቢው? የአገሬው ሽማግሌ ቢጠየቅ ለፍርድ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ቀያይ ሰይጣኖቹ በዚያው የውድድር ዘመን በሊጉ 15ኛ ሆነው ጨረሱ፤ የኢሮፓ ሊግ ፍጻሜውንም በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፉ። በቶተንሃም! የዩናይትድ ደጋፊ ግን ወይ ፍንክች። በ2011 አርሴናልን 8 ለ 2 የረቱበትን ቀን አውጥቶ አቧራውን እያራገፈ ይኖራል።

ሌሎቹ ብዙ አያነጋግሩም። ቼልሲ በረቱ ውስጥ ያለውን ፈረስ ቆጥሮ አይጨርስም። ሊቨርፑል በ2024/25 አዲስ ሳያበዛ ያለውን በደንብ ቀልቦ ዋንጫ በላ፤ ይህን የአዊ ገበሬ ያለ ተንታኝ ይረዳዋል።

ሳቁ እንዳለ ሆኖ አንድ የማያስቅ ነገር አለ። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከአዊ የወጣ ክለብ አልታየበትም። ጎንደር አፄዎቹን ይዞ በ2013 ሻምፒዮን ሆነ። ባህር ዳር የጣና ሞገዶቹን ይዞ በ2015 ሁለተኛ ወጣ፤ በዚያው ክረምትም የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ከአፍሪካ መድረክ አሰናበተ። አዊስ? አዊ ስሙን ለአዲስ አበባ በነፃ አበድሮ ተመልካች ሆኖ ተቀምጧል።

ለዳንግላ ልጅ ባህር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእንጅባራው 120 ያህል። የ2015 ውድድር ባህር ዳር ላይ ሲከፈት ጠዋት ሚኒባስ ይዞ፣ ጨዋታ አይቶ፣ እየተጨቃጨቁ መመለስ ይቻል ነበር። ከዚያ ክልሉ ውስጥ ግጭት መጣ፤ በ2016 ውድድሩ አዳማን፣ ድሬዳዋንና ሀዋሳን ዞረ። የባህር ዳር ልጆች «የሜዳችን» የሚሉትን ጨዋታ ከጣና መቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀው ተጫወቱ። የእንጅባራና የዳንግላ ደጋፊም የጎረቤቱን ክለብ ልክ እንደ አርሴናል በዲኤስቲቪ ማየት ጀመረ። ለእሱ ባህር ዳርና ለንደን እኩል ራቁ ማለት ነው። መንገድ ሲዘጋና ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ደግሞ ዲኤስቲቪ ቤቱም ይርቃል፤ የማታ ጨዋታ ውጤት በማግስቱ ከሰው አፍ ይሰማል። ያኔ ነው ክርክሩ ሁሉ ምን ያህል ውድ እንደነበር የሚታወቀው።

ሜዳ ላይ ደግሞ ጀርባው ላይ «ሳካ» የሚል ማልያ ለብሶ ጭቃ ውስጥ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ አለ። እሱ ሳካን ኤሚሬትስ ድረስ በዓይኑ ተከትሎ አውቆታል። ግራ እግሩን፣ ሩጫውን፣ አቆራረጡን አጥንቶታል። እሱን ሊያይ የሚመጣ ሰው ግን ማን ነው? እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። እዚህ አየር ላይ ዘጠና ደቂቃ የሮጠ ልጅ አዳማ ላይ ቢጫወት ሁለተኛ ሳንባ የተጨመረለት ያህል ነው። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ የጠፋው ጥርስ የሚያይ ነው።

ስለዚህ ሒሳቡ ይወራረድ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ80 ዓመት በላይ «ፈረሰኞቹ» እየተባለ ሲዘመርለት አንድ ሳንቲም የስም ኪራይ አልከፈለም፤ የአዊ ሰውም ጨዋ ነውና አልጠየቀም። ገንዘብ አይፈለግም። መንገዱ ሰላም በሆነ በአንዱ ጥር፣ በዓሉ ሲከበር፣ ክለቡ ከነማልያው እንጅባራ ይምጣ። ከአዊ ወጣቶች ምርጥ ቡድን ጋር አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ይጫወት። ሁለት ልጅ መልማዮችን ይዞ ይምጣ፤ እነሱም እንጅባራ ላይ ብቻ ሳይወሰኑ ዳንግላ ወርደው ይዩ፤ አለበለዚያ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 40 ኪሎ ሜትር ለአዲስ ፀብ ይበቃል። የወደዱትን ልጅ አዲስ አበባ ወስደው ለተስፋ ቡድናቸው ያስፈርሙ። በዚያ ጊዜ የኪራዩ ደረሰኝ ይቆረጣል።

ከጨዋታው በፊት ደግሞ አሥራ አንዱም ተጫዋቾች በየተራ ፈረስ ላይ ይውጡ፤ ስሙ የሚገባቸው መሆኑ ይረጋገጥ። የወደቀ ካለ ግን አስቀድሞ ይወቀው፤ እንጅባራ ላይ ማንም ሳይነካው ለወደቀ ሰው ፍፁም ቅጣት ምት አይሰጥም።