ክዳኑ ሥር የተደበቀው ሽሮ

ዘንድሮ በአንድ የዕረፍት ሰዓት በግቢው ውስጥ ስዘዋወር አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የምሳ ዕቃውን ክዳን በከፊል ብቻ ከፍቶ ሲጎርስ አየሁት። ምን እንደያዘ ስጠይቀው «ሽሮ ነው፣ ጋሼ» አለና ቶሎ ከደነው። አጠገቡ ያሉት ልጆች ቺፕስና ብስኩት ይበሉ ነበር። ልጁ ያጠፋው ነገር የለም። ሽሮ የድሃ ምግብ ነው የሚለውን ያስተማርነው እኛ ትልልቆቹ ነን። እኔ ራሴ እንግዳ ሲመጣብኝ ሽሮ ለማቅረብ የማፍር ሰው ነበርኩ።

የሚገርመው ግን ለዚህ የምናፍርበት ምግብ ስንት ሰው ዕድሜውን እንደሰጠ ነው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ለረጅም ዓመታት በሽምብራና በምስር ላይ ሠርተዋል። ካወጧቸው የሽምብራ ዝርያዎች አንዱ «አረርቲ» ይባላል፤ ስሙ የምንጃር ሸንኮራዋ ከተማ ስም ነው። የዚያ አገር ገበሬ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መረሬው አፈር ቋጥሮ ባስቀረው እርጥበት ነው። በሽምብራው ሥር ላይ ባሉት እባጮች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይመግባሉ፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚዘራው ጤፍም ይጠቀማል። ማዳበሪያ በተወደደበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2016ን የጥራጥሬ ዓመት ብሎ የሰየመውም በከንቱ አልነበረም።

ወደ ምሳ ዕቃው ልመለስ። ከሽምብራ ክብደት 20 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። እህል የሚያንሰውን ላይሲን ጥራጥሬ ይሞላዋል፣ ጥራጥሬ የሚጎድለውን ደግሞ እህል ይሰጠዋል። እናቶቻችን ይህን የኬሚስትሪ ስም ሳያውቁ እንጀራን ከሽሮ ጋር አጋቡት። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ከካናዳው ሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በደቡብ ኢትዮጵያ ጥራጥሬ በልጆች ገንፎ ውስጥ እንዲገባ ሠርተዋል። ጥራጥሬውን መዘፍዘፍና ማብቀል ብረትና ዚንክ ለሰውነት በቀላሉ እንዲደርስ ያግዛል። በቆልትና አሹቅ የሚያውቅ ቤት ግማሹን መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ምግቡ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ብረቱን ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል፤ ከምግቡ ጋር ሻይ መጠጣት ግን ያውከዋል። ሻይ ወዳዶች ይቅር በሉኝ።

አንድ ወላጅ «ጅቡቲ ድረስ የመጣሁት ልጄ ሥጋ እንዲበላ ነው» ብለውኛል። ሥጋ አትስጡ አላልኩም። ነገር ግን ሥጋ በማይገዛበት ቀን ምትኩ ብስኩት መሆን የለበትም። ደግሞስ እዚህ ከተማ ጠዋት ጠዋት ፉል በዳቦ የሚበላው ሁሉ የሚበላው ባቄላ አይደለም እንዴ? ፉል ሲባል አናፍርም፣ ሽሮ ሲባል እናፍራለን።

ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ በግቢያችን ሱቅ ከቺፕሱ ይልቅ የሽምብራ ቆሎ እንዲሸጥ ለወላጆች ኮሚቴ ሐሳብ አቀርባለሁ። ንፍሮም አስቤ ነበር፤ ግን በዚህ ሙቀት እስከ ቀትር ሳይበላሽ አይቆይም። ቆሎ ይቆያል። መምህራንም ምሳችንን ቢሮ ዘግተን ከመብላት ወጥተን ከልጆቹ ጋር ብንበላ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያውን ሳምንት ሽሮ ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ፣ ክዳኑንም ሙሉ በሙሉ እከፍተዋለሁ።