ከኮንሰርት የተመለሰ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል?

ከሠርግ የተመለሰ ሰው ይጠየቃል። ሙሽራዋ ምን ለብሳ ነበር? ጠጁ እንዴት ነበር? ማን ዘፈነ? ማን ተቀየመ? ይባላል፤ እሱም አንድ በአንድ ይተርካል። ሲጨርስ ያልሄደው ሰው የሄደ ያህል ሆኖ ይነሣል። ከለቅሶ የተመለሰም እንደዚሁ ነው፤ አልቃሿ ያወረደችው ሙሾ በቃል ተይዞ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ከኮንሰርት የተመለሰ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን «እንዴት ነበር?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ቃል የለኝም!» ይላል። ቀጥሎ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል።

በዚህ ጽሑፍ ልናገር የፈለግሁት ስለዚህ ስለ ጠፋው ቃል ነው። ሙዚቃ በመድረክ ሲቀርብ የሰማ ሰው የሰማውን የመናገርና የመጻፍ ግዴታ አለበት እላለሁ። ግዴታ የሚለው ቃል የከበደበት አንባቢ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ማሕሙድ አሕመድ በሚሊኒየም አዳራሽ የመሰናበቻ ኮንሰርቱን ባቀረበ ጊዜ ከመኝታ ክፍላችን ሁለት ልጆች ገንዘብ አጠራቅመው ገብተው ነበር። በማግስቱ ከበብናቸው። ያሳዩን አርባ ያህል ቁርጥራጭ ቪዲዮ ነው። በቪዲዮው ውስጥ ጎልቶ የሚሰማው ግን የማሕሙድ ድምፅ ሳይሆን የያዘው ልጅ የራሱ ጩኸት ነበረ። መጀመሪያ የትኛውን ዘፈነ? ሳክስፎኑን የነፋው ማን ነው? ሕዝቡ ዝም ያለው የቱ ላይ ነው? ብለን ብንጠይቅ መልስ አላገኘንም። ከብዙ ውትወታ በኋላ ግን አንደኛው፣ «አጠገቤ የቆሙ አንድ ትልቅ ሰው ሲያለቅሱ አየሁና ዘፈኑን ያን ጊዜ ሰማሁት» አለ። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ከአርባው ቪዲዮ ይልቅ ሌሊቱን አሳየችን። እንግዲህ ቃል አለ ማለት ነው፤ የሚያወጣው ጠያቂ ነው የታጣው።

በአገራችን ልማድ አድማጭ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ፍጡር አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይቀበላል፤ ስንኙ ሰምና ወርቅ ያለው እንደ ሆነ ቤቱ ይደምቃል፣ ደካማ እንደ ሆነ ደግሞ ሰጪው ይሳቅበታል። ሙዚቃው የሁለት ወገን ሥራ ነው ማለት ነው። ከፍ ያለው መድረክና በረድፍ የተደረደረው ወንበር ሲመጣ ይህ ነገር ተለወጠ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ቤት፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር፣ ሲከፈት ሙዚቀኛው በብርሃን አድማጩ በጨለማ ተቀመጡ። ይህን የምለው መድረኩን ለመንቀፍ አይደለም፤ ታላላቅ ሥራዎች የተሠሩት በዚሁ መድረክ ላይ ነው። የምለው አድማጩ ስንኝ መስጠቱ ሲቀርበት ድርሻው ጭብጨባ ብቻ ሆኖ ቀረ ነው። ድርሻውን መልሶ የሚያገኘው ከአዳራሹ ወጥቶ በሚናገረው ቃል ነው።

አሁን ደግሞ ቃል ባለ መያዛችን ምን እንዳጣን እንመልከት። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለን፣ ማሕሙድ አሕመድን ይዞ መድረክ ላይ ሲወጣ ያደመጠው ሕዝብ ብዙ ነበረ። ከዚያ ሁሉ ምሽት በእጃችን የቀረው በዋናው ሸክላው ነው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ድርጅቱን አቋቁሞ ወደ መቶ የሚሆኑ ትናንሽ ሸክላዎች ባያሳትም ኖሮ ያም ባልቀረ ነበር። ነገር ግን በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር ትንሽ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አንድ ዘፈን በመድረክ ላይ ሕዝቡ «ይደገም!» ሲል ምን ያህል ይረዝም ነበር? ዘፋኙ በየት በኩል ግጥሙን ይለውጥ ነበር? ይህን ሸክላው አይነግረንም። ሊነግረን ይችል የነበረው የሰማው ሰው ነው፤ እሱም ወይ አልፏል፣ ወይ በየቤቱ ጠያቂ አጥቶ ተቀምጧል።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በጥር 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ በታላቅ ኮንሰርት ሲከበር በእኔ ዕድሜ ያለነው ገና በእናታችን ጀርባ ላይ ነበርን። በጥቅምት 2000 ዓ.ም. ቢዮንሴ በሚሊኒየም አዳራሽ ስትዘፍን ገና ፊደል አልቆጠርንም። ስለ እነዚህ ቀኖች የምናውቀው ታላላቆቻችን ቡና ሲጠጡ በጨረፍታ ከሚጥሉት ወሬ ነው። ዛሬ የምንሰማውን ካልጻፍን ታናናሾቻችንም ስለ እኛ ዘመን የሚያውቁት ያንኑ ያህል ይሆናል።

አንድ አድማጭ ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል? ለሚል ሁለት ምሳሌ ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የማሕሙድን ሸክላ በአጋጣሚ ሰማ። ይህ ሰው ዘፋኝ አልነበረም፤ ሰሚ ነበረ። የሰማውን ግን ዝም ብሎ አላለፈም፤ ሸክላው ከየት እንደ መጣ ለማወቅ እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። ከዚህ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ተወለደ፤ የአገራችንም የሙዚቃ ስም በዓለም ላይ ታወቀ። ሁለተኛው ምሳሌ የኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሲጫወት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ ኃይሉ እዚያው ቀርቶ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደ ገና ታትሞ ሲወጣ በስተርጅና ወደ መድረክ ተመለሰ። ካሴቱን እንደ ገና ያሳተመው አንድ የባዕድ አገር ሰሚ ነው። ወረታቸው አይረሳም። ነገር ግን በሂልተን ምሽቶች ኃይሉን በዓይኑ ያየው፣ በጆሮው የሰማው የአዲስ አበባ ሰው ምን ጻፈ? ብዬ ብጠይቅ ማን ይቀየመኛል? የራሳችንን ምሽት ታሪክ ከባዕድ የሸክላ ሽፋን ላይ እያነበብን መማራችን ሊያሳፍረን ይገባል።

የእኛው ግቢ እንኳ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ትውልደ ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ በገናውና ከበሮው በአንድ መድረክ ላይ ተሰበሰቡ። በየአውራጃው ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ተደማመጡ። ያን ቀን ወንበር ላይ የተቀመጠው ተማሪ ምን ተሰማው? ደነገጠ? ሣቀ? ኮራ? ይህን ማወቅ ዛሬ የሙዚቃ ትምህርት ለሚማር ወንድማችን ከብዙ መጽሐፍ ይጠቅመው ነበር።

ቦታዎቹም አይጠብቁንም። በጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት አብሮ ተቃጠለ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ አዝማሪ ቤቶቹ ተነሡ፤ ፈንድቃም የነበረበትን ቦታ ለቀቀ። ከተማ ይታደሳል፤ ስለ እሱ መከራከር የዛሬው ጉዳዬ አይደለም። ነገር ግን ግድግዳ ሲፈርስ በውስጡ የተሰማው ድምፅ መጠለያው ምንድን ነው? የሰው ትዝታና ወረቀት ብቻ ነው።

«አገር በስንት ችግር ተይዛ፣ ተማሪው ነገ ሥራ ያገኝ አያገኝ ሳያውቅ፣ አንተ ስለ ዘፈን ታወራለህ?» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ጥያቄው ክብደት ያለው ነውና በቀላሉ አላልፈውም። ኮንሰርት የኑሮ ችግርን አያቃልልም። ሆኖም ሕዝብ ለሙዚቃ የሚሰበሰብበት ቦታ መቼም ቢሆን ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈ ጊዜ ጥላሁን ገሠሠ ታስሯል። በደርግ ዘመን ለዓመታት ሰዓት እላፊ ታውጆ ሌሊት የሙዚቃ ሌሊት መሆኑ ቀረ፤ የመሸበት ሰው እዚያው ተዘግቶበት እስኪነጋ የሚያድርበት ጊዜ ነበረ። ያን ጊዜ የሰሙ ሰዎች ዛሬ ከመካከላችን አሉ፤ አንዳንዶቹ ያስተምሩናል። ሰው በፍርሃት መካከል ለምን ሊሰማ ይሄድ እንደ ነበረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህ የዘፈን ወሬ ብቻ ነውን? የአገር ታሪክ አይደለምን?

ሌሎች ደግሞ «ቪዲዮ አለ፤ ምን ጽሑፍ ያስፈልጋል?» ይላሉ። ቪዲዮ መልካም ነው። ነገር ግን ቪዲዮ የሚያሳየው ስልኩ የዞረበትን ብቻ ነው። ከጎናችን የቆመው ሰው ለምን እንዳለቀሰ አይናገርም። ስልክም ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ በአዲስ ይለወጣል። ከሁሉም በላይ ሲቀርጽ ያመሸ ሰው እጁን እንጂ ጆሮውን አላሠራም። አንድ ዘፈን ይቀረጽ፤ ለሌላው ግን ስልኩ ኪስ ይግባ።

መናገር ስል ማሞገስ ማለቴ እንዳይመስል። በትኬቱ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተብሎ ተጽፎ ከሌሊቱ 5 ሰዓት የሚጀመር ኮንሰርት አለ። ቀድሞ የተቀረጸ ድምፅ እየተለቀቀ ዘፋኙ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስበት ጊዜ አለ። ባለፈው ዓመት በገባሁበት አንድ አዳራሽ የባሱ ድምፅ ሌላውን ሁሉ ውጦት ከግጥሙ አንድ ቃል ሳልይዝ ወጥቻለሁ። በአጠገቤ የነበረው ሰው ሁሉ ያጉረመርም ነበር፤ በማግስቱ ግን ሁሉም «አሪፍ ነበር» ሲል ሰማሁት። ለምን? የከፈለው ገንዘብ እንዳያሳዝነው ነው። እንዲህ ያለ ውሸት የሚጎዳው በመጀመሪያ ደረጃ ሙዚቀኛውን ነው። በትጋት ተለማምዶ በቀጥታ የሚጫወተውና ካሴት ከፍቶ የሚወጣው እኩል «አሪፍ» ከተባሉ ለትጋት ምን ዋጋ ቀረለት? አዝማሪው እንኳ ደካማ ስንኝ የሰጠውን ሰው ያሳቅበታል፤ እኛ ግን መድረክ ላይ የወጣውን ሁሉ እናጨበጭብለታለን።

ታዲያ ምን እናድርግ? ነገሩ ብዙ ገንዘብ ወይም ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ከኮንሰርት የተመለሰ ተማሪ ሳይተኛ፣ ወይም በማግስቱ ከቁርስ በፊት፣ አንድ ገጽ ይጻፍ። ቀኑንና ቦታውን ያስፍር። ትኬቱ ስንት እንደ ነበረና በስንት ሰዓት እንደ ተጀመረ ይጻፍ። የዘፋኙን ስም ሁሉም ያውቀዋል፤ የከበሮ መቺውን፣ የጊታሩን፣ የክራሩን ተጫዋች ስም ጠይቆ ይመዝግብ፤ በማስታወቂያው ላይ ስማቸው የማይወጣው እነዚህ ናቸውና። ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺ ሆዬ፣ የሚያውቅ ያመልክት፤ የማያውቅ ከሚያውቅ ይጠይቅ፤ ይህም ትምህርት ነው። በመጨረሻም የሰማውን እንደ ሰማው፣ ያልወደደውንም ሳይፈራ ይጻፍ። ትኬት መግዛት ያልቻለ ብዙ ወንድምና እኅት አለን፤ ለእነሱ ይህ ገጽ መግቢያ በር ነው።

የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች በየእትሙ ለዚህ ግማሽ ገጽ እንዲሰጡ እጠይቃለሁ። የተከበራችሁ መምህራኖቻችንንም እለምናለሁ። የሮሃ ባንድንና የኢትዮ ስታርን ምሽቶች በወጣትነታችሁ የሰማችሁ ከመካከላችሁ አላችሁ። ከፈተና ወረቀታችን የተረፈ ጊዜ ስታገኙ ያን ጻፉልን፤ መጻፍ ካልተመቻችሁ ንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን። እኛ ተማሪዎችም እቤት ስንሄድ አባትና እናቶቻችንን፣ አጎትና አክስቶቻችንን ማንን፣ የት፣ መቼ እንደ ሰሙ እንጠይቅ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። የእኛ ነገር ከዚህም የከፋ ነው፤ በመጽሐፍ አላኖርነው፣ በቃልም አልያዝነው። ስለዚህ በሚመጣው ሳምንት ከኮንሰርት የሚመለስ ጓደኛ ስታገኙ ስልኩን እንዲያወጣ አትፍቀዱለት። አስቀምጡት፣ ሻይ ግዙለት፣ «ተቀበል!» በሉት። ይናገር።