ነገሩን እያወቃችሁ ለተዋችሁት
ግልጽ ደብዳቤ ከቤሩት

በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የወደቡን፣ የጉምሩኩን፣ የጸጥታውንና የመንግሥቱን ወንበር ይዛችሁ ለነበራችሁ ሁሉ፤

እኔ በሰው ቤት ሥራ የምተዳደር ኢትዮጵያዊት ነኝ። የምጽፍላችሁ ከማር ሚካኤል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1895 በተከፈተው የደማስቆ መስመር ላይ ያለው ባቡር ጣቢያ ዝጎ ከቆመበት፣ ጋራዦችና የብረታ ብረት ቤቶች ካፌና የሥዕል ማሳያ ከሆኑበት ሰፈር። አውራ ጎዳናውን ሲሻገሩ ካራንቲና አለ። በቄራና በፋብሪካ ይታወቅ በነበረው በዚያ መንደርም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አንድ የፋብሪካ ፎቅ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ጋለሪ ሆኗል። ሠዓሊውንና ልብስ ነዳፊውን ወደዚህ የሳበው ርካሽ ኪራይ ነበር፤ እናንተ አልጠራችኋቸውም።

የእናንተ ድርሻ የወደቡ መጋዘን ቁጥር 12 ነው። ሮሱስ የተባለች አሮጌ መርከብ ያመጣችውን 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ስድስት ዓመት ገደማ እዚያ አስቀመጣችሁት። ስለ እሱ የተጻፈው ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ኖረ፤ ያልተነገረው ለሰፈርተኛው ብቻ ነው። ሐምሌ 28 ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል፣ ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ 300,000 ያህሉ ከቤቱ ተፈናቀለ። ከሟቾቹ መካከል እንጀራ ፍለጋ የመጡ ሶርያውያንና ባንግላዴሻውያን ነበሩ፤ የእኛም ወገን አለበት። በዚያው ክረምት ማዳሞቻቸው ከነሻንጣቸው ቆንስላችን ደጃፍ የጣሏቸው እህቶቻችን ሐዘኑን አስፋልት ላይ ተቀመጡ።

ዛሬ ሙዚቃው ተመልሷል። የድሮዎቹ ባለ ሦስት ቅስት መስኮቶች አዲስ መስታወት ገብቶላቸዋል። እኔ የማጸዳው ደረጃ ላይ ግን ያልተቀየረ የእንጨት በር አለ፤ የመስታወት ስባሪው እንደ እሾህ ተሰክቶበታል፣ ስወለውል እጄን እጠነቀቃለሁ። ሰፈሩን በአብዛኛው የጠገኑት ነዋሪዎች፣ በጎ ፈቃደኞችና ረጂ ድርጅቶች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ "ቤሩት አትሞትም" እያላችሁ በእነሱ ላብ አትኩሩ።

ፍንዳታውን እንዲመረምር የተሾመው የመጀመሪያው ዳኛ ከኃላፊነቱ ተነሣ። ሁለተኛውን፣ ታሪቅ ቢታርን፣ ከእናንተ ከተጠሩት አንዳንዶቹ ቀርበው በመመለስ ፈንታ ክስ በክስ ላይ ደራርበው ለዓመታት ሥራውን አስቆሙበት። ንጹሕ ሰው ዳኛ አይሸሽም።

የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። እስካሁን ያልቀረባችሁ ዳኛ ፊት ቅረቡ። መቼ እንዳወቃችሁና ለምን ዝም እንዳላችሁ በአደባባይ ተናገሩ። የስደተኛው ሟች ቤተሰብም ከሊባኖሳዊው እኩል ይካስ። ይህ እስኪሆን ድረስ ለቅሷችንን አናነሣም።