የማይታየውም ቅንጣት ይገድላል

«በመርፌ መድኃኒት ውስጥ ያለ፣ ዓይን የማያየው ቅንጣት ጉዳት የለውም» የሚለው የታተመ አስተያየት አደገኛ ስህተት ነው። የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ስፋት ከ10 ማይክሮሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ዓይን የሳተውን እነርሱ ያስቀሩታል።

በ1994 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ያስጠነቀቀው ከሞት በኋላ ነው። በደም ሥር በሚሰጥ ምግብ ውስጥ ካልሲየምና ፎስፌት ተዋህደው ደለል ሠሩ፤ ሁለት ሕሙማን ሞቱ፤ በአስከሬን ምርመራም ደለሉ ሳንባ ውስጥ ተገኘ። በምግቡ ውስጥ የሚቀላቀለው ስብ ንጣት እንዲህ ያለውን ደለል ከባለሙያ ዓይን ይጋርዳል። ኤፍዲኤ ምግቡ በሚሰጥበት ቱቦ ላይ ማጣሪያ እንዲገጠም ያሳሰበውም ለዚሁ ነበር።

እርግጥ ነው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ በሞደርና የኮቪድ ክትባት የተገኘው የብረት ቅንጣት ለጤና የከፋ ስጋት እንደማይሆን ተገልጿል። ሆኖም 1.63 ሚሊዮን ያህል ክትባት ታግዶ ሲጣራ፣ ስፔን ባለው ፋብሪካ የክዳን መግጠሚያው ብረቶች ሲፋተጉ እንደነበር ታወቀ። «አይጎዳም» ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ ያን ማሽን ማን ይፈትሸው ነበር?