ስሙ በሩ ላይ፣ ሰውየው ሜዳ ላይ

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተሰልፈን ከምንቆምበት ቦታ ፊት ለፊት የትምህርት ቤታችን ስም በቆርቆሮ ላይ በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል። «ደጃዝማች እገሌ» ይላል። ትክክለኛውን ስም ለጊዜው ይለፉኝ፤ ጠቤ ከልማዳችን ጋር እንጂ ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር አይደለም። አንድ ቀን መምህራችንን፣ «ጋሼ፣ ደጃዝማች እገሌ ማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ጀግና ነበሩ። ግባ!» አሉኝ።

ገባሁ። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ እስክወጣ ድረስ ስለ ሰውየው የተነገረኝ ይኸው ነው፤ «ጀግና ነበሩ፣ ግባ።» ስማቸውን ግን በየደብተሬ ሽፋንና በየፈተና ወረቀቴ ራስጌ ስንት መቶ ጊዜ ጻፍኩት!

ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። እስቲ አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ራስዎን ይጠይቁ። የተማሩበት ትምህርት ቤት በማን ስም ነው የሚጠራው? ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ምን ሠሩ? ለምንስ ነው ሌላው ሁሉ ቀርቶ የእሳቸው ስም የተመረጠው? እኔ ይህን ጥያቄ ለወዳጆቼ ባቀረብኩ ቁጥር የማገኘው መልስ፣ «እንዴ፣ ስም ነዋ!» የሚል ነው። ስም የታክሲ ፌርማታ ሆኖ ቀርቷል። «ወራጅ አለ!» ለማለት ካልሆነ በቀር አንጠራውም።

ያጣነው ነገር ቀላል እንዳይመስለን። ደጃዝማች ዑመር ሰመተርን እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው የተሰየመ ትምህርት ቤት አለ። ሶማሌ ናቸው። በ1918 ዓ.ም. ኤል ቡር ላይ በኢጣልያ ቅኝ ገዢዎች ላይ ተነሥተው ምሽጉን ያዙ፤ በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በኅዳር ወር 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ተኩስ ሲከፈት ከኢትዮጵያ ወገን ከተሰለፉት አዛዦች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ወሰን ምን እንደ ሆነ፣ ወገን ማን እንደ ሆነ ለአንድ ልጅ ለማስተማር ከዚህ ሕይወት የተሻለ መጽሐፍ ከየት ይመጣል? መጽሐፉ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ገልጦ የሚያነበው ነው የጠፋው።

«ታሪካቸው ቢነገር ንትርክ ያመጣል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ያመጣል። ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ በዓድዋ መድፈኛውን የመሩ ናቸው። ሲዳሞን የገዙም እሳቸው ናቸው፤ የገባር ሥርዓት ሹም ነበሩና ገባሩ የሚተርከው ታሪክ ከዓድዋው ተራኪ ጋር አይገጥምም። በ1920 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር ተፋጥጠው ከሹመት ወረዱ። ኢጣልያ በመጣ ጊዜ ደግሞ ያ የተሻረ ሽማግሌ ጠመንጃውን አንሥቶ በ1929 ዓ.ም. እየተዋጋ ወደቀ። እንግዲህ የትኛውን እንንገር? ሁሉንም ነዋ! ተማሪ እንከን የሌለበት ሐውልት ምን ያደርግለታል? ሰው ይቅረብለት። «ጀግና ነበሩ፣ ግባ» ማለት ንትርኩን አያስቀረውም። ልጁ አድጎ ሌላ ሰው በጎደሎ እስኪነግረው ድረስ ያቆይለታል እንጂ።

ደግሞም ታሪኩ ያልተነገረ ስም ባለቤት የለውም። በ1966ቱ አብዮት ማግሥት የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት እንጦጦ ተባለ፤ የእቴጌ መነን ደግሞ የካቲት 12 ሆነ። የሰማዕታቱን ቀን ማክበር ተገቢ ነው፤ ግን ስሙ ሲለወጥ ለተማሪዎቹ፣ «ይህች ሴት እንዲህ ነበረች፣ በዚህ ምክንያት ስሟን አነሣን» ብሎ ያስረዳ ነበር? የደሴው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ግን ስሙ ከአብዮቱ ተርፎ እስከ ዛሬ አለ። ወይዘሮ ስኂን ማን ናቸው? የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት። የልጅቱ ስም አዲስ አበባ ላይ ተፋቀ፤ የእናቲቱ ደሴ ላይ ቆመ! አብዮተኛውን ዋለልኝ መኮንንን ያፈራው ትምህርት ቤት የንጉሥ ልጅ ስም ተሸክሞ ዘለቀ። ይህን ሳስብ እስቃለሁ። ግን የሚያስቅ አይደለም። የሚፋቀው ስም ሳይታወቅ ከተፋቀ፣ የሚተርፈውም ሳይታወቅ ከተረፈ፣ ሁለቱም ዘንድ ክብር የለም። ነገ ሌላ ሹም መጥቶ ሌላ ቆርቆሮ ቢሰቅል ማን «ለምን?» ይላል?

ሐውልት ይቁም፣ በጀት ይመደብ አላልኩም። የምጠይቀው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በየትምህርት ቤቱ መግቢያ ከስሙ ሥር የባለስሙ ሕይወት፣ በጎውም ክፉውም፣ በአንድ ገጽ ይለጠፍ። የዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠው። ወረቀቱንም ባለሥልጣን አይጻፈው። ተማሪዎቹ ራሳቸው የሰፈር አዛውንት ጠይቀው፣ መጽሐፍ አገላብጠው ይጻፉት። የሽማግሌው ቃልና የመጽሐፉ ቃል ሲጋጭም፣ ተጋጨ ብለው ይጻፉ። ታሪክ መማር ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ይህን እንኳ ማድረግ ከከበደን ቆርቆሮዎቹን አውርደን ትምህርት ቤቶቹን በቁጥር እንጥራቸው፤ ቁጥር ቢያንስ «ማን ነህ?» ተብሎ አይጠየቅም።