ፋይሉ ለሁሉም ይናገር

በዩኒቨርሲቲያችን የዓይነ ስውራን ተማሪዎች ነገር በተነሣ ቁጥር ብዙዎቻችን የሚታየን እጅ ይዞ መንገድ ማሻገር ነው። ማሻገሩ መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ተሻግሮ ከክፍል የደረሰው ተማሪ የሚያጠናው ጽሑፍ ካልተነበበለት መሻገሩ ምን ይረባዋል?

ዓይነ ስውር በኮምፒዩተር ይሠራል ሲባል የሚደነቅ አለ። ከመደነቅ ይልቅ አሠራሩን ማወቅ ይሻላል። ስክሪን ሪደር የሚባለው ፕሮግራም በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን በድምፅ ያነባል። ተማሪው ማውዝ አይነካም። የዊንዶውስን ቁልፍ ከ«ኢ» ጋር ሲጫን የፋይሎቹ መዝገብ ይከፈትለታል፤ በቀስት ቁልፍ ሲወርድ የእያንዳንዱን ፋይል ስም ይሰማል፤ የስሙን መነሻ ፊደላት ቢመታ በቀጥታ ይደርስበታል። «ኤፍ 2» ስም ይለውጥለታል፤ ኮንትሮል ከ«ሲ» ጋር ይቀዳለታል፤ ከ«ቪ» ጋር ይለጥፍለታል። መቶ ፋይል የታጨቀበትን ፎልደር ከእኛ ፈጥኖ የሚያገላብጥ አለ። ውድ ነው እንዳይባልም፣ ኤንቪዲኤ የተባለውን ማይክል ከረን የሚባል አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር እ.ኤ.አ. በ2006 ጀምሮት፣ ጄምስ ቴህ የሚባል ሌላ ዓይነ ስውር አግዞት፣ እስከ ዛሬ በነፃ ይታደላል። አማርኛም ያነባል፤ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ቢንቋቋም ቃሉ ይለያል።

እንግዲህ መሣሪያው ካለ፣ ችሎታውም ካለ፣ ችግሩ ከየት መጣ? ከላኪው ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያውን በኮምፒዩተር ይጽፋል፤ ያትማል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያም ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልካል! ፊደል የነበረው ሥዕል ሆነ። ስክሪን ሪደሩ ሥዕሉ ላይ ሲደርስ የሚያነበው የለውምና ዝም ይላል። የኮርስ መጻሕፍትም እንዲሁ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተው ፒዲኤፍ ይባላሉ። ሥዕልን ወደ ፊደል የሚመልስ ፕሮግራም አለ የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ተጣምሞ በተነሣ፣ የእጅ ጥላ ባረፈበት ገጽ ላይ «ለ»ን ከ«ሰ» እያምታታ የሚያወጣውን ለፈተና ያጠናል ወይ?

የፊደሉ ነገር ሌላ ጉድ አለው። ግዕዝ በዩኒኮድ ከተመዘገበ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች ግን የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ያስቀምጡ ነበር፤ ለዓይን አማርኛ ነው፣ ለስክሪን ሪደሩ ግን የላቲን ዝባዝንኬ ነው። እስከ ዛሬ በእነዚሁ የሚጽፍ ቢሮ አልጠፋም።

የፋይል ስም እንደ ትንሽ ነገር ይታያል። «ስካን 0001»፣ «ስካን 0002» እየተባለ አርባ ፋይል ሲላክ የሚያይ ሰው በጨረፍታ ይለያል፤ የሚሰማ ሰው ግን እያንዳንዱን ከፍቶ መዝጋት አለበት። «ታሪክ ምዕራፍ 3» ብሎ መሰየም ለላኪው ስንት ሰኮንድ ይፈጃል?

የደራሲን መብት እንጥሳለን የሚል ምክንያትም ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 በማራኬሽ የተፈረመው ውል ማንበብ ለተሳናቸው ሰዎች የሚሆን ቅጅ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ መንገድ የከፈተ ነው። ኢትዮጵያም በ2020 ገብታበታለች። ቤተ መጻሕፍታችን ይህን ምክንያት ከማቅረቡ በፊት ውሉን ያንብበው።

ደግሞ ሌላውን ስንወቅስ የራሳችንን ጓዳ እንይ። ይህ በእጃችሁ ያለው የማኅበራችን ጋዜጣ በኮምፒዩተር ተጽፎ፣ በወረቀት ተባዝቶ ይታደላል። ጉዳዩ በዋናነት የሚመለከተው ተማሪ ይህንኑ ጽሑፍ ሰው ካላነበበለት አያገኘውም፤ የተጻፈው ፋይል ግን በአዘጋጁ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጧል። ወረቀቱ በሚታደልበት ቀን ፋይሉም ቁጥሩና ዓመተ ምሕረቱ በስሙ ላይ ተጽፎ፣ በዩኒኮድ ፊደል፣ ለጠየቀ ሁሉ ይላክ። ሥራ አስፈጻሚው ይህን ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ይወስን፤ ለየትምህርት ክፍሉም የመጨረሻው ፈተና ሳይደርስ በደብዳቤ ያስታውቅልን። ደብዳቤው ግን ፎቶ ተነሥቶ አይላክ!