ከአጨዳ በፊት የሚደርስ ክፍያ፦ የቅበላ ዕድልና የመክፈል አቅም በፎገራ ሜዳ ዓይን

በወረታ ዙሪያ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ሩዝ በክረምት መግቢያ ይዘራል፤ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ለገበሬው ቤተሰብ ዋናው ገንዘብ የሚገኘው ምርቱ ተወቅቶ ለገበያ ሲቀርብ ነው። በተለመደው የትምህርት ዘመን አቆጣጠር ግን የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይውላል። በጥር ወር መክፈል የሚችል ቤተሰብ በጥቅምት ላይችል ይችላል። ስለዚህ የመክፈል አቅም የገንዘብ መጠን ብቻ ሳይሆን የቀንም ጉዳይ ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የበለጠ ክብደት አግኝቷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከምረቃ በኋላ ከገቢው የመክፈልን ዕድል ሰጥቶ ነበር። በራሱ ወጪ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር አመልካች ግን የሚከፍለው እየተማረ ነው። በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከት አዋጅ ጸድቆ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ተቋም ከሆነ ወዲህ ደግሞ የክፍያ ነገር የመጀመሪያ ዲግሪ አመልካችንም የሚያሳስብ ሆኗል።

በዚህ ሁኔታ አመልካቾችና ቤተሰቦቻቸው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ አድርገው ሲያዩ ይስተዋላል። አንደኛው «ይቀበሉኛል ወይ?» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ብቀበል እጨርሰዋለሁ ወይ?» የሚለው ነው። «ብቻ ይግባ እንጂ፣ የቀረውን እግዜር ያውቃል» የሚለው የተለመደ አነጋገር ሁለተኛውን ጥያቄ በመጀመሪያው ይሸፍነዋል። የሁለቱ ኪሳራ ግን እኩል አይደለም። ያልተቀበሉት አመልካች የሚያጣው የማመልከቻና የመፈተኛ ክፍያ፣ የመጓጓዣ ገንዘብና ጥቂት ቀናት ነው። ተቀብለውት በመንገድ ላይ ያቋረጠ ተማሪ ግን የከፈለውን ሁሉ፣ ከዚያም በላይ የሥራ ዓመታቱን ያጣል።

ከዚህ የሚከተለው ፍርድ ከተለመደው አስተሳሰብ ተቃራኒ ነው። የቅበላ ዕድል ማነስ ብቻውን ከማመልከት ሊያግድ አይገባም፤ የቅበላ ዕድል መስፋትም ብቻውን ለመመዝገብ በቂ ምክንያት አይሆንም። ዕድልን ለመገመትም አገራዊ አማካይ ብዙ አይረዳም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ገደማ ነበሩ። እነዚህ አኃዞች ስለ አገሪቱ ትምህርት ብዙ ይናገራሉ፤ ስለ አንድ ተማሪ ግን የሚናገሩት ጥቂት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ አመልካች የብሔራዊ መግቢያ ፈተና ውጤቱና በሚፈልገው የትምህርት ክፍል ያለው የቦታ ብዛት የተሻሉ ምስክሮች ናቸው።

አቅም የሚፈተነው ግን በሁለተኛው ዓመት ነው። ለመጀመሪያው ክፍያ በሬ የሸጠ ቤተሰብ የሸጠው የሚቀጥለውን ዓመት እርሻ ጭምር ነው። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ የሁለተኛውን ምንጭ ሲበላ፣ የመመረቂያ ጥናቱ በሚጀመርበት፣ የመረጃ መሰብሰቢያ ወጪ በሚጨመርበት ጊዜ ተማሪው ባዶ እጁን ይቀራል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ማሳ ሲያጥለቀልቁ ደግሞ የተሻለው ስሌት እንኳ ይፈርሳል።

ስለዚህ ቅርብ ያለው አማራጭ በቁም ነገር ሊመዘን ይገባል። ከወረታ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ደብረ ታቦርም ከዚያ ይቀርባል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚያው ፎገራ ውስጥ ነው። በሩዝ ላይ ለሚያጠና ተማሪ የጥናት መስኩ የቤቱ ደጃፍ ነውና የምርምር ወጪው ሊቀንስ ይችላል።

ይህ ምክር የድኻን ልጅ ከትልቅ ምኞት ያርቃል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢ ተቃውሞም ነው። ይሁን እንጂ ምክሩ በሰፊው አመልክት፣ የሁለተኛው ዓመት ምንጭ ካልታወቀ ግን አትመዝገብ የሚል ነው። ሃርቫርድንና ኤም.አይ.ቲ.ን የመሳሰሉ ጥቂት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀበሉትን የውጭ አገር ተማሪ እንደ ቤተሰቡ አቅም ስለሚደግፉ፣ የተለጠፈው ዋጋ እጅግ ከፍተኛ ቢሆንም ተማሪው በተግባር የሚከፍለው ከዚያ በብዙ ሊያንስ ይችላል። በአገር ውስጥ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ በተለጠፈው ክፍያ ላይ የቤት ኪራይ፣ የቀለብና የጥናት ወጪ ይታከልበታል።

ሸክሙም የአመልካቹ ብቻ ሊሆን አይገባም። ዩኒቨርሲቲዎች በየትምህርት ክፍሉ ስንት አመልክቶ ስንት እንደተቀበሉ፣ እስከ ምረቃ የሚጠይቀው ጠቅላላ ወጪም ምን ያህል እንደሆነ ከማመልከቻው ቀን በፊት ቢያሳውቁ አመልካቹ ሁለቱንም ጥያቄዎች በማስረጃ ይመልሳል። ከገበሬ ቤተሰብ ለሚመጣ ተማሪ ደግሞ ከክፍያው የሚበዛው ክፍል ወደ ጥር ቢተላለፍ፣ ተቋሙ የሚያጣው የሦስት ወር ትዕግሥት ነው። ቤተሰቡ የሚያተርፈው ግን በሬውን ነው።